ከበሮው ሲፈጥን፦ የቆዩ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች በአዲስ መሣሪያ ላይ ስለ ምን ይንቀጠቀጣሉ?

ፈተና ተፈጽሞ ውጤት እስኪታወቅ ባሉት ቀናት፣ እንዲሁም የጉና ብርድ ከዶርም አላስወጣ በሚልበት ምሽት፣ በተማሪዎች መካከል ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የሚዘዋወረው ነገር ምን እንደ ሆነ ለአንባቢዎቻችን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የቆዩ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ናቸው። እነዚህ ጨዋታዎች እስካሁን ድረስ የተወደዱበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ኢንተርኔት አይጠይቁም፤ ውድ የሆነ የግራፊክስ ካርድ አያሻቸውም፤ በፍላሽ ላይ የሚይዙት ቦታም ከዛሬዎቹ ጋራ ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለኮምፒዩተር ሲወጣ ገና ሕፃናት የነበሩ፣ ከዚያም ወዲያ የተወለዱ ተማሪዎች፣ ዛሬ ሲጄ የሚባለውን ባለ ታሪክ እንደ ጎረቤታቸው ያውቁታል።

ነገር ግን ጨዋታው በአዲስ ላፕቶፕ ላይ በተጫነ ጊዜ ብዙ ጊዜ አንድ እንግዳ ነገር ይታያል። ገጸ ባሕርዩ ሲራመድ እግሩ መሬቱን ሳይጨብጥ ይንሸራተታል፤ ቆሞ ሳለ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ሲዞር አንገቱ እየተቆራረጠ ይዞራል። በዚህ ጊዜ በዶርም ውስጥ ሦስት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንደኛው «መሣሪያው ደክሟል» የሚል ነው። ሁለተኛው «ቫይረስ ገብቶበታል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ኮፒው የተበላሸ ነው» ብሎ ሌላ ፍላሽ ፍለጋ ይሄዳል።

ነገሩ በጨዋታ ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ የዚህችን መጽሔት ገጽ ባልያዝንበት ነበር። ግን አይቀርም። አንድ የምናውቀው ተማሪ በሁለተኛው ፍርድ አምኖ ላፕቶፑን ለጥገና ሰጠ፤ ጠጋኙም ገንዘቡን ተቀብሎ መሣሪያውን ፎርማት አደረገው። ከቫይረሱ ጋራ ይጠፋል የተባለው ሁሉ ጠፋ፤ ከጠፋውም መካከል የመመረቂያ ጽሑፉ ሁለት ምዕራፎች ነበሩበት። ጨዋታው ግን ተመልሶ በተጫነ ጊዜ ልክ እንደ ቀድሞው ይንቀጠቀጥ ነበር። ምክንያቱ ሳይታወቅ የተሰጠ መድኃኒት ከበሽታው ይልቅ እንደሚጎዳ ከዚህ የተሻለ ምስክር የሚያስፈልግ አይመስለንም።

እኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች እንጂ የኮምፒዩተር ሊቃውንት አይደለንም። ሆኖም ነገሩ በተራ አማርኛ ሊነገር የሚችል ሆኖ ስላገኘነው በዚህች ጽሑፍ ለመግለጽ ተነሥተናል። የምንለውም ከሦስቱ ፍርዶች የተለየ ነው። የቆየ ጨዋታ በአዲስ መሣሪያ ላይ የሚንቀጠቀጠው አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው ስለ ደከመ ሳይሆን ስለ በረታ ነው።

ሥዕሉ እንዴት ይንቀሳቀሳል?

በስክሪን ላይ የሚሄድ ሰው በእውነቱ አይሄድም። የምናየው እርስ በርሳቸው በጥቂቱ የሚለያዩ የቆሙ ሥዕሎች ተራ በተራ ሲለዋወጡ ነው፤ እያንዳንዱም ሥዕል ፍሬም ይባላል። ሲኒማ በአንድ ሴኮንድ 24 ፍሬም ያሳያል፤ ዓይናችንም እነዚህን ሁሉ አያይዞ እንደ አንድ እንቅስቃሴ ይቀበላቸዋል።

በፊልምና በጨዋታ መካከል ግን ትልቅ ልዩነት አለ። የፊልሙ ሥዕሎች አስቀድመው የተዘጋጁ ናቸው፤ ማሳያውም በተወሰነ ፍጥነት ብቻ ይዞራል። ጨዋታ ግን እያንዳንዱን ሥዕል እዚያው በዚያው ይሥላል። ደካማ መሣሪያ በሴኮንድ 20 ቢሥል፣ ብርቱው 200 ሊሥል ይችላል። ስለዚህ ጨዋታውን የጻፈው ባለሙያ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ይኸውም ገጸ ባሕርዩ ከአንዱ ሥዕል እስከ ሚቀጥለው ምን ያህል ይንቀሳቀስ? የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶች አሉ። አንደኛው ሰዓት መመልከት ነው፤ ካለፈው ሥዕል ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ለክቶ በዚያው ልክ ማራመድ። ሁለተኛው ሥዕል መቁጠር ነው፤ በየሥዕሉ አንድ የተወሰነ እርምጃ መስጠት። ሁለተኛው መንገድ ቀላል ቢሆንም ወጥመድ አለበት። ለምሳሌ ያህል ገጸ ባሕርዩ በየፍሬሙ 5 ሴንቲ ሜትር ይሂድ ብለን ብናዝዝ፣ በሴኮንድ 30 ፍሬም በሚሥል መሣሪያ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ይሄዳል፤ ይህም የደኅና ሰው አረማመድ ነው። በሴኮንድ 150 ፍሬም በሚሥል መሣሪያ ላይ ግን በዚያችው ሴኮንድ ሰባት ሜትር ተኩል ይሄዳል። ትእዛዙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መቁጠሪያው ነው።

የማኅሌቱ ምሳሌ

ይህን ለማስረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። እንቅስቃሴን በሥርዓት መምራት ለደብረ ታቦር እንግዳ ትምህርት አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና አዲስ የዝማሜ ስልት እንዳወጡ፣ ልጃቸው አለቃ ተክሌም ይህንኑ በደብረ ታቦር እንዳስተማሩትና ስልቱም የተክሌ ተብሎ እንደ ቀረ ይታወቃል። ስልቱ የጣናን ማዕበል መመለስና መምጣት ተመልክቶ የተገኘ ነው ተብሎም ይነገራል።

በበዓል ቀን ማኅሌት የቆመ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ወረቡ ሲወረብ የካህናቱ እግርና ጸናጽል የሚሄደው በከበሮው ምት ነው። ከበሮ መቺው ቀስ ብሎ ጀምሮ እያጠነከረ ይሄዳል፤ ሁሉም ተከትሎት ይሄዳል። አሁን በዓይነ ኅሊናችን አንድ ነገር እናስብ። ከበሮ መቺው በድንገት ከወትሮው አምስት እጅ አብልጦ ቢመታስ? ሊቃውንቱ ሰው ናቸውና ቆም ብለው «ኧረ ቀስ በል» ይሉታል። የኮምፒዩተር ጨዋታ ግን እንዲህ የሚል አንደበት የለውም። አንድ ምት፣ አንድ እርምጃ ተብሎ ከታዘዘ፣ ምቱ በበዛ ቁጥር እርምጃውንም ያበዛዋል።

ይልቁንም የሚብሰው ከፊሉ በከበሮ፣ ከፊሉ በሌላ ነገር ሲመራ ነው። የካህኑ እግር ከበሮውን፣ እጁ ግን የግድግዳውን ሰዓት ቢከተል፣ ከበሮው ሲፈጥን እግርና እጅ ይለያያሉ። የምናየው መንቀጥቀጥ ከዚህ የሚመጣ ነው። ሁሉም ነገር በአንድነት ቢፈጥን ኖሮ ጨዋታው ፈጠነ እንል ነበር እንጂ ተንቀጠቀጠ አንልም።

ነገሩ የቆየ ነው

ይህ ጉዳይ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የተባለው ጃፓናዊ ስፔስ ኢንቬደርስ የሚባለውን ጨዋታ ሲሠራ፣ 55 ጠላቶች በስክሪኑ ላይ ተሰልፈው ነበር። ፕሮሰሰሩ በየፍሬሙ አንዱን ብቻ ነበር የሚያንቀሳቅሰው። ስለዚህ ተጫዋቹ ጠላቶቹን ሲያጠፋ ተራው ለቀሩት ቶሎ ቶሎ ይደርሳቸውና ይፈጥኑ ጀመር። ኒሺካዶም ይህ ጨዋታውን የሚያከብድና የሚያስደስት ሆኖ ስላገኘው ተወው። ይህ የመሣሪያ ጠባይ ለጨዋታ ሲጠቅም የታየበት ነው።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይገጥምም። የአይ.ቢ.ኤም. ፒሲ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲወጣ ፕሮሰሰሩ በ4.77 ሜጋኸርዝ ይሠራ ነበር፤ ብዙ ጨዋታ ጸሐፊዎችም ይህን ፍጥነት ለዘለዓለም የሚኖር አድርገው ቈጠሩት። ከዚያ የፈጠኑ ኮምፒዩተሮች ሲመጡ ጨዋታዎቹ ሰው ሊከተላቸው እስከማይችል ድረስ ሮጡ። ስለዚህም አምራቾች በኮምፒዩተሩ ሳጥን ፊት ለፊት ተርቦ የሚባል ቁልፍ አደረጉ። ስሙ ማፍጠንን የሚያመለክት ቢሆንም፣ የቁልፉ ዋና ጥቅም ለቆዩ ፕሮግራሞች ሲባል መሣሪያውን ማዘግየት ነበር። እንግዲህ አዲሱን መሣሪያ ለአሮጌው ሥራ ሲሉ ቀስ ማድረግ ከአርባ ዓመት በፊት የታወቀ ጥበብ ነው ማለት ነው።

የሳን አንድሪያስ ጉዳይ

ሳን አንድሪያስ በመጀመሪያ የተሠራው ለፕሌይስቴሽን 2 ሲሆን የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ፕሌይስቴሽን 2 የትም አገር ቢገዛ ያው አንድ ዓይነት መሣሪያ ነው፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ ጨዋታው በሴኮንድ ከ30 ፍሬም እንደማይበልጥ አውቀው አንዳንዱን ነገር በሰዓት፣ አንዳንዱን በፍሬም ቆጠሩት። በዓመቱ ለኮምፒዩተር ሲያወጡትም አደጋውን ስላወቁ በስክሪን ማስተካከያው ገጽ ላይ ፍሬም ሊሚተር የሚባል መቆጣጠሪያ ጨመሩበት። ይህ ሲበራ ጨዋታው በ25 ፍሬም ገደማ ይወሰናል።

ተማሪ ግን «መሣሪያዬ እያለው ለምን ይታሠራል» ብሎ ያጠፋዋል። ሥዕሉም ለጊዜው የጠራና የቀለለ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ የሚታየው። በጣም የታወቀው ምሳሌ የሲጄ ዋና ነው፤ ፍሬሙ በበዛ ቁጥር ሲጄ በውኃ ውስጥ እየታገለ እንኳ ወደ ፊት መሄድ ያቅተዋል። ዋናተኛው ሰውነቱን ያወዛውዛል፤ ውኃው ግን አይለቀውም።

እንደዚህ ያለው ነገር የአንድ ጨዋታ ብቻ ጠባይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ስካይሪም ከ60 ፍሬም በላይ ሲለቀቅ በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሳህንና ጽዋ ማንም ሳይነካው ይበታተናል። በካውንተር ስትራይክ 1.6 ደግሞ ፍሬሙ እንዲወሰን ተደርጎ ነበር።

ጨዋታው በሰዓት የሚቆጥር ቢሆንም ፍጥነት የሚያመጣው ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ የቆዩ ጨዋታዎች ጊዜን የሚለኩት በሚሊሴኮንድ፣ ያውም ያለ ክፋይ በሙሉ ቁጥር ነው። በ30 ፍሬም በሁለት ሥዕሎች መካከል ያለው ጊዜ 33 ሚሊሴኮንድ ከሢሶ ነው፤ ሢሶው ቢጣል ስሕተቱ ከመቶ አንድ ያህል ነውና ማንም አያየውም። በ400 ፍሬም ግን ጊዜው ሁለት ሚሊሴኮንድ ተኩል ይሆናል። ጨዋታውም አንዴ 2፣ አንዴ 3 እያለ ይቆጥራል፤ ስሕተቱ ከመቶ ሃያ ይደርሳል። የገጸ ባሕርዩ ትከሻ ቆሞ ሳለ የሚርገበገብበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ፍሬሙና ስክሪኑ ሳይስማሙ ሲቀሩ

አንዳንዱ አንባቢ «እኔ ሊሚተሩን አብርቼውም መቆራረጡ አልጠፋም» ሊል ይችላል። እውነቱን ነው። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

የብዙዎቻችን ላፕቶፕ ስክሪን ሥዕሉን በሴኮንድ 60 ጊዜ ያድሳል። ጨዋታው 30 ፍሬም ቢሰጠው እያንዳንዱ ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ ይታያል፤ ክፍፍሉ እኩል ነው። ጨዋታው 25 ፍሬም ሲሰጠው ግን 60 ለ25 እኩል አይካፈልም፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ከአርባ መቶኛ ይደርሰዋል። ስክሪን ደግሞ ግማሽ ጊዜ ማደስ አይችልም። ስለዚህ አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ፣ ሌላውን ሦስት ጊዜ ያሳየዋል፤ ይኸውም አንዱ 33 ሚሊሴኮንድ፣ ሌላው 50 ሚሊሴኮንድ ይቆያል ማለት ነው። ገጸ ባሕርዩ በትክክል እየሄደ ሳለ ለዓይን አንካሳ ይመስላል።

መድኃኒቱ የጨዋታውን ሊሚተር አጥፍቶ በውጭ መቆጣጠሪያ በ30 ላይ መወሰን ነው። ለዚህ ሪቫቱነር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል፤ የኢንቪዲያ ካርድ ያለውም በካርዱ ማስተካከያ ውስጥ የፍሬም ወሰን ያገኛል። ስክሪኑ በ144 የሚያድስ ከሆነ ግን 30 ለእርሱም እኩል አይገባበትምና በዊንዶውስ ሴቲንግ በኩል ስክሪኑን ወደ 60 ወይም ወደ 120 ማውረድ ይገባል።

ያረጀ ሰዓት

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይልቅ የተሰወረ ነው። አንዳንድ ጨዋታዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ኮምፒዩተሩ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ቁጥሩንም የሚይዙት ከሰባት አኃዝ ያህል በላይ በማያስተውል ዓይነት አጻጻፍ ነው። ይህ እንደ ገበያ ሚዛን ነው። ኩንታል ጤፍ የሚመዝን ሚዛን ላይ አንድ ቁንጥጫ በርበሬ ቢጨመር ሚዛኑ አይሰማውም። ቁጥሩ ትንሽ ሳለ ኮምፒዩተሩ የሴኮንድን ጥቂት ክፋይ ይለያል፤ ቁጥሩ ሲከብድ ግን ትንንሹን አያይም።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። ኮምፒዩተሩ ከተነሣ 131,072 ሴኮንድ፣ ማለት 36 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆነው፣ እንዲህ ያለው ቆጣሪ ሊለየው የሚችለው ትንሹ ጊዜ የሴኮንድ 64ኛ ክፍል ይሆናል። ይህ በ60 ፍሬም ከአንድ ሥዕል ዕድሜ ጋራ ተቀራራቢ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ 32ኛ ክፍል ይሆናል። በዚያን ጊዜ ገጸ ባሕርዩ ለአንድ ሥዕል ይቆማል፣ በሚቀጥለው የሁለቱን እርምጃ በአንድ ጊዜ ይዘላል።

እዚህ ላይ አንባቢ «እኔ እኮ ማታ ማታ እዘጋዋለሁ» ይል ይሆናል። ነገር ግን ብዙዎቻችን ክዳኑን ገጥመን ማስተኛታችን እንጂ መዝጋታችን አይደለም፤ መብራት ይጠፋል ብለን ስለምንፈራም የጀመርነውን ሥራ እንደ ተከፈተ መተው ለምደናል። በተኛበትም ጊዜ ቆጣሪው ይሄዳል። ከዚህም በላይ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ሻት ዳውን ማለት እንኳ ሙሉ መዝጋት መሆኑ ቀርቷል። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው አሠራር በርቶ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ በማግስቱ ቶሎ እንዲነሣ ሲል የውስጡን ሁኔታ መዝግቦ ያቆየዋል፤ ቆጣሪውም ወደ ዜሮ አይመለስም። ሪስታርት ግን ይመልሰዋል። «ሪስታርት አድርገው» የሚለው የዶርም ምክር አንዳንድ ጊዜ የሚሠራበት ምክንያት እነሆ! ምክሩ ትክክል ነበር፤ ምክንያቱ ብቻ አልተነገረንም።

ሁለት ልብ ያለው መሣሪያ

ስለ አሮጌ ዴስክቶፖችም አንድ ቃል እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2005 ኤ.ኤም.ዲ. አትሎን 64 ኤክስ2 የተባለውን ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር ሲያወጣ፣ እያንዳንዱ ኮር የየራሱን ምት ይቆጥር ነበር፤ ሁለቱም ቁጥሮች ሁልጊዜ አይስማሙም ነበር። ጨዋታው አንዴ ከአንዱ፣ አንዴ ከሌላው ሰዓት ሲጠይቅ ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚዘል ሆኖ አገኘው። ኩባንያውም ማስተካከያ ፕሮግራም ለማውጣት ተገደደ። የዛሬ ፕሮሰሰሮች ከዚህ ነፃ ናቸው። በእነዚያ አሮጌ መሣሪያዎች ላይ የሚጫወት ሰው ግን በታስክ ማናጀር ገብቶ ጨዋታውን በአንድ ኮር ብቻ እንዲሠራ ቢወስነው እፎይ ይላል።

ሊድን የማይችለው

ማናቸውም መንቀጥቀጥ በማዘግየት ይድናል ብለን አንባቢን ልናሳስት አንፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ክዌክ የተባለው ጨዋታ ጭራቆች የተሠሩት በሴኮንድ 10 አቋም ብቻ ነው። በአንዱና በሚቀጥለው አቋም መካከል ምንም የለም። ከዚህም በላይ የሰውነታቸው እያንዳንዱ ነጥብ የሚቀመጠው 256 ደረጃ ባለው መለኪያ ላይ ስለ ሆነ፣ ጭራቁ ሲንቀሳቀስ ቆዳው እንደ ውኃ ይንቀጠቀጣል። ይህ የመሣሪያ ጥፋት አይደለም፤ ሥራው ሲሠራ እንደዚሁ ነበር። የጨዋታው ምንጭ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1999 ለሕዝብ ስለ ተለቀቀ፣ ከዚያ ወዲያ ብዙ ወዳጆቹ በሁለቱ አቋሞች መካከል ያለውን በሒሳብ እየሞሉ እንቅስቃሴውን ያለሰለሱባቸው ቅጂዎች አውጥተዋል። የነጥቦቹ መንቀጥቀጥ ግን በሥዕሉ ውስጥ ስላለ ሥዕሉ ካልተለወጠ በቀር አይጠፋም።

እንዴት እንመርምር?

ከዚህ በላይ የተባለው በሥራ ላይ እንዲውል፣ የምርመራውን ቅደም ተከተል በአጭሩ እናስቀምጣለን።

አንደኛ፣ ሪስታርት ማድረግ፤ ሻት ዳውን ሳይሆን ሪስታርት። መንቀጥቀጡ ከጠፋ በሽታው ያረጀ ሰዓት ነበር፤ ሌላ ነገር መንካት አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ያልጠፋ እንደ ሆነ በሪቫቱነር ጨዋታው በሴኮንድ ስንት ፍሬም እንደሚሥል ማየት። ቁጥሩ ከመቶ በላይ ወጥቶ የሚዋዥቅ ከሆነ በ30 ላይ መወሰን፤ ለስካይሪም በ60። ገጸ ባሕርዩ ሥርዓት ከያዘ ጥፋቱ የከበሮው መፍጠን ነበር።

ሦስተኛ፣ በ25 ተወስኖ የሚያነክስ ከሆነ ፍሬሙ ለስክሪኑ እኩል እንዲካፈል ማድረግ።

አራተኛ፣ ለሳን አንድሪያስና ለቀደሙት ሁለቱ ጂቲኤዎች ሳይለንትፓች የሚባለውን ነፃ ማስተካከያ መጫን። ከዚያ አስቀድሞ ግን የጨዋታውን ፎልደር ኮፒ አድርጎ በሌላ ቦታ ማኖር ይገባል።

አምስተኛ፣ ጨዋታው በመጀመሪያ ደኅና ሆኖ ከሩብ ሰዓት በኋላ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ፣ ያ መንቀጥቀጥ ሳይሆን ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል። አየሩ ብርድ ስለ ሆነ ብቻ ላፕቶፕ አይሞቅም ማለት ስሕተት ነው፤ ደብረ ታቦር ባለበት ከፍታ አየሩ ስስ ነውና በየማራገቢያው ዙር የሚወስደው ሙቀት ከቆላው ያነሰ ነው። ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መጫወትም የአየር መግቢያውን መድፈን ነው።

በእነዚህ አምስት ነጥቦች ውስጥ ፎርማት የሚል ቃል እንደሌለ አንባቢ ይመለከታል።

የሠሪው ስሕተትና የአዲሱ ዘመን ወቀሳ

ከመጨረሳችን በፊት በቅርቡ የሆነውን አንድ ነገር እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ አዲሱ የዊንዶውስ 11 እድሳት ከተሰራጨ በኋላ፣ በሳን አንድሪያስ ውስጥ ስኪመር የሚባለው በውኃ ላይ የሚያርፈው አውሮፕላን ድንገት ጠፋ። ሁሉም ዊንዶውስን ወቀሰ። የሳይለንትፓች ሠሪ ግን እ.ኤ.አ. በ2025 ነገሩን እስከ ሥሩ መርምሮ ጥፋቱ የጨዋታው የራሱ መሆኑን አሳየ። ይህ አውሮፕላን በቀደመው ጨዋታ፣ በቫይስ ሲቲ፣ ከጀልባዎች ጋራ ተመዝግቦ ነበር፤ ጀልባ ጎማ ስለሌለው የጎማ መጠን አልተጻፈለትም። በሳን አንድሪያስ ወደ አውሮፕላኖች ሲዛወርም መጠኑን የሚጨምርለት ሰው ተረሳ። ጨዋታው ያልተጻፈውን ቁጥር ሲፈልግ፣ ከእርሱ በፊት የተነበበው ተሽከርካሪ በማኅደረ ትውስታው ውስጥ ትቶት የሄደውን እያነሣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በሰላም ኖረ። አዲሱ ዊንዶውስ ያንን ቦታ ለሌላ ሥራ ሲጠቀምበት ግን የተሰወረው ተገለጠ።

ከዚህ የምንማረው ለጨዋታ ብቻ የሚሆን አይደለም። የቆየ ሥራ በአዲስ ስፍራ ሲሰናከል ሁለት ዓይነት ፈራጆች ወዲያው ይነሣሉ፤ አንዱ አሮጌውን ይጥላል፣ ሌላው አዲሱን ይረግማል። ሁለቱም የሚያመልጣቸው፣ ሥራው ሲሠራ ሳይነገር የታመነበት ነገር ምን ነበር? የሚለው ጥያቄ ነው። የሳን አንድሪያስ ሠሪዎች መሣሪያው ከ30 ፍሬም አይበልጥም ብለው አመኑ፤ ይህን እምነት ግን በጨዋታው ሽፋን ላይ አልጻፉትም። እኛም በትምህርታችን የቆየ ጽሑፍ ስናነብ የምንሠራው ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ጸሐፊው አንባቢዬ ያውቀዋል ብሎ የተወውን ካላገኘን ንባባችን እንደ ሲጄ እግር ይንሸራተታል።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ ላፕቶፓችሁ ሲያስቸግር ገንዘብ ከማውጣታችሁና ጽሑፋችሁን ለአደጋ ከማጋለጣችሁ አስቀድሞ ከላይ ያሉትን አምስት ነጥቦች ሞክሩ፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። የመመረቂያ ጽሑፋችሁንም ዛሬውኑ በሁለተኛ ፍላሽ ላይ አኑሩት። እኛ ያልጠቀስነውን ጨዋታ ፈትሾ መድኃኒቱን ያገኘ ተማሪ ቢኖር ደግሞ ለዚህችው መጽሔት ቢጽፍልን ደስ ይለናል፤ በሚቀጥለው እትም ገጽ እንለቅለታለን።